ማርስ፣ ጨረቃ ወይስ የቬነስ ደመና? የሰፈራ ንድፍ ለሚሠሩ ተማሪዎች የምርጫ መመሪያ

“በሌላ ፕላኔት ላይ ራሱን ችሎ የሚኖር የሰው ሰፈር ንደፉ” የሚል የውድድር ሥራ ለተማሪዎች ሲሰጥ፣ ብዙው ቡድን በመጀመሪያው ስብሰባ ሁለት ነገር ወስኖ ይነሣል። ቦታው ማርስ፣ ቤቱ የመስታወት ጉልላት። የቀረው ጊዜ ጉልላቱን በኮምፒውተር ሲያሳምሩ ያልቃል። ሥዕሉ በእውነት ያምራል። ዳኛው ግን “እሺ፣ እራት ከየት ነው? መብራቱስ?” ሲል ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል።

ስለዚህ ምርጫዎቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ንድፋችሁን የሚያቆመውም የሚጥለውም የምግብና የኃይል ሒሳብ ነው። ቦታው፣ ቤቱ፣ የሰው ቁጥሩ ሁሉ ከዚያ ሒሳብ ጋር መታረቅ አለበት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ጥያቄውን ራሱን መጠራጠርም ይቻላል። በ1969 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምር የነበረው ጄራርድ ኦኒል ለተማሪዎቹ ያቀረበው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ እያደገ ለሚሄድ የቴክኖሎጂ ሥልጣኔ የፕላኔት ወለል ትክክለኛው ቦታ ነው ወይ? መልሱ ወደ “አይደለም” አዘነበለ። ከዚያም በ1975 ክረምት የናሳ ኤምስ የምርምር ማዕከል እና ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባዘጋጁት ጥናት 10,000 ሰው የሚይዝ፣ 1.8 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውና በጠፈር ላይ የሚሽከረከር ቀለበት ተነደፈ። ሽክርክሪቱ እንደ ምድር ያለ ስበት ይሰጣል፣ ፀሐይም አትጠልቅም። ችግሩ እያንዳንዷ ጠጠር ከሌላ ቦታ መጫን አለባት። የውድድራችሁ ደንብ ከፈቀደ ይህም አንድ አማራጭ ነው። ደንቡ “ፕላኔት” ካለ ግን እንቀጥል።

መጀመሪያ ስንት ሰው?

እዚህ ላይ ሁለት የታወቁ ቁጥሮች አሉ፤ ፈጽሞ አይገናኙም። በ2020 ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣን-ማርክ ሳሎቲ በሌላ ፕላኔት ላይ ለመኖር ቢያንስ 110 ሰው ያስፈልጋል አለ። በ2023 ደግሞ በአሜሪካ የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኮምፒውተር ሞዴል ሠርተው 22 ሰው ይበቃል አሉ።

ልዩነቱ ከምን መጣ? ሳሎቲ የቆጠረው የሥራ ሰዓት ነው። ከምድር ምንም ካልመጣ ኦክስጅን ማምረት፣ ማረስ፣ ብረት ማቅለጥ፣ ልብስ መሥራት፣ ልጅ ማሳደግ ሁሉም ሰዓት ይበላል። ሰው ካነሰ ሰዓቱ አይበቃም። ሲበዛ ሥራ ይከፋፈላል፣ አንዱ መሣሪያ ብዙዎችን ያገለግላል። የ22ቱ ሞዴል ግን ከምድር ስንቅ በየጊዜው ይመጣል ብሎ ነው የሚነሣው። ሁለቱም ለየራሳቸው ጥያቄ መልስ ሰጥተዋል።

እናንተም መጀመሪያ ደረጃችሁን ቁረጡ። አንደኛው ከምድር እየተላከለት የሚኖር የምርምር ጣቢያ ነው፤ ለዚህ ከ10 እስከ 20 ሰው ይበቃል። ሁለተኛው አየሩን፣ ውኃውን፣ ምግቡንና የግንባታ ዕቃውን እዚያው የሚያወጣ፣ የኮምፒውተር ቺፕ፣ መድኃኒትና ረቂቅ መለዋወጫ ግን ከምድር የሚያስመጣ ሰፈር ነው። ሦስተኛው ከምድር አንዲት ብሎን እንኳ የማይፈልግ ነው።

እኔ ሁለተኛውን ይዛችሁ 100 ሰው ገደማ ብትነድፉ እላለሁ። ሦስተኛውን የመረጠ ቡድን ለመቶ ሰው የቺፕ ፋብሪካ መሥራት አለበት፤ ያንን በሠላሳ ገጽ ሪፖርት አስረድቶ የሚያሳምን አላየሁም። ንጽጽር ከፈለጋችሁ፣ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሰው ሳይለየው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሽንትና ላብን ሳይቀር አጣርቶ 98 በመቶውን ውኃ መልሶ መጠቀም የቻለው በ2023 ነው። ምግቡ ግን አሁንም በሮኬት ነው የሚሄደው።

ቦታው

ጨረቃ ቅርብ ናት። በሦስት ቀን ይደረሳል። ድምፅ ለመድረስ 1.3 ሰከንድ ብቻ ስለሚፈጅ ምድር ላይ ያለ ሐኪም ከጨረቃ በሽተኛ ጋር በወጉ ማውራት ይችላል። የተሰበረ ፓምፕ በቀናት ውስጥ ይተካል። በደቡብ ዋልታው አካባቢ ፀሐይ የማታያቸው ጉድጓዶች ውስጥ በረዶ አለ። በ2009 ናሳ ካቤየስ የተባለው ጉድጓድ ውስጥ ሮኬት ሆን ብሎ አጋጭቶ የተነሣውን ብናኝ ሲመረምር 5.6 በመቶ ያህሉ ውኃ ሆኖ አገኘው። ድንጋዩም በክብደት ከ40 በመቶ በላይ ኦክስጅን ነው፤ ኃይል ካለ ይወጣል።

ታዲያ ምን ጎደለ? ናይትሮጅንና ካርቦን። ጨረቃ ላይ ሁለቱም እጅግ ጥቂት ናቸው። የተክል አካል በካርቦን የተሠራ ነው፤ ፕሮቲን ያለ ናይትሮጅን የለም። ስለዚህ ሰፈሩ ባደገ ቁጥር፣ ልጅ በተወለደ ቁጥር፣ ማሳው በሰፋ ቁጥር ከምድር መጫን አለበት። ከዋልታው ውጭ ደግሞ ሌሊቱ 14 ቀን ገደማ ነው። ለአንደኛው ደረጃ ጨረቃን የሚያህል የለም። ለሁለተኛው ግን ትወድቃለች።

ማርስ በተቃራኒው ሩቅ ነው። መንገዱ ከ6 እስከ 9 ወር ይወስዳል፤ የጉዞው በር የሚከፈተውም በየ26 ወሩ ነው። መልእክት አንዱን አቅጣጫ ብቻ ለመሄድ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። አየሩ ከምድር አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ አማካይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ነው። ነገር ግን ዕቃው ሁሉ እዚያው አለ። አየሩ 95 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ለተክል ዋና ግብዓት። ናይትሮጅን 2.8 በመቶ አለው፤ ትንሽ ቢመስልም ተጨምቆ ይወጣል። በረዶ ሞልቷል። ቀኑ 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ስለሆነ እንቅልፍም ሰብልም አይደናገርም።

ስበቱ ከምድር 38 በመቶ ነው። ይህን “ይበቃል” ብላችሁ አትለፉ። ሰው በሌላ ዓለም ወለል ላይ፣ ከምድር ባነሰ ስበት ቆሞ የኖረበት ረጅሙ ጊዜ የአፖሎ 17 ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ የቆዩባቸው 75 ሰዓታት ናቸው። በዚያ ስበት እርግዝና ምን እንደሚሆን የሚነግረን ማንም የለም። በሪፖርታችሁ ላይ እንደ አደጋ መዝግቡት።

ቬነስ የፈጠራ ሰዎች ምርጫ ናት። ወለሏ 460 ዲግሪ ይደርሳል፣ ግፊቱም ከምድር 92 እጥፍ ነው። 55 ኪሎ ሜትር ከፍ ስትሉ ግን ሙቀቱ 27 ዲግሪ አካባቢ፣ ግፊቱም የምድርን ግማሽ ያህል ይሆናል። ስበቱ 90 በመቶ ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ የምንተነፍሰው አየር ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀል እዚያ እንደ ሂሊየም ያንሳፍፋል። ሰፈሩ ራሱ ፊኛ ይሆናል፤ ሰዎቹም ፊኛው ውስጥ ይኖራሉ። ሶቭየት ኅብረት በ1985 ቬጋ 1 እና ቬጋ 2 በተባሉት መንኮራኩሮች የላከቻቸው ፊኛዎች በዚያ ከፍታ ሁለት ቀን ገደማ ተንሳፍፈው መረጃ ልከዋል።

ፊኛው ከተቀደደ ግን የት ትወርዳላችሁ? ከዚያም በላይ ብረት፣ ሲሊከን፣ ፎስፈረስ የት ታገኛላችሁ? ሁሉም ያለው 460 ዲግሪ ላይ ነው። ውኃውን ከደመናው የሰልፈሪክ አሲድ ማውጣት ይጠበቅባችኋል። ለፈጠራ ሽልማት ግሩም ነው፤ ራስን ለመቻል ግን አይሆንም።

የሳተርን ጨረቃ የሆነችውን ታይታንን የሚያነሣ አንድ ሰው በየቡድኑ አይጠፋም። አየሩ ወፍራም ነው፣ ናይትሮጅን እንደ ልብ ነው፣ ጨረርም አያስጨንቅም። ግን ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ ነው፣ ፀሐይ ጭላንጭል ናት፣ መንገዱም ዓመታት ነው። ለሚቀጥለው ትውልድ ተዉት።

ማርስ ከሆነ፣ ማርስ የት?

“ማርስ” ብሎ መተው “አፍሪካ ውስጥ ቤት ልሠራ ነው” እንደ ማለት ነው። ቦታ ጥቀሱ።

በምድር ወገቡ አካባቢ ሙቀቱና ፀሐዩ ይሻላል፤ በረዶው ግን ከወለሉ አጠገብ አይገኝም። ወደ ዋልታው ስትጠጉ በረዶ በገፍ ነው። ኮሮሌቭ የተባለው 82 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ 1.8 ኪሎ ሜትር የሚወፍር በረዶ ሞልቶታል። ግን ክረምቱ ጨለማ ነው። የሚያስማማው መሀሉ ነው፤ በሰሜን ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ያለው ሜዳ። አርካዲያ ፕላኒሺያ ጥሩ ዕጩ ነው። ሜዳ ስለሆነ ማረፍ ይቀላል፣ በረዶውም ቅርብ ነው። በታኅሣሥ 2021 በአማዞኒስ ፕላኒሺያ፣ 35 ዲግሪ አካባቢ፣ ተወርዋሪ አለት ወድቆ ነበር። ምቱን ኢንሳይት የተባለችው መንኮራኩር እንደ መሬት መንቀጥቀጥ ሰማችው፤ ከላይ የተነሣው ፎቶ ላይ ደግሞ በጉድጓዱ ዙሪያ የተበተነ የበረዶ ቋጥኝ ታየ። ያን ያህል ወደ ምድር ወገብ ቀርቦ በረዶ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር።

ሄላስ የተባለው ጥልቅ ገደልም ተማሪዎችን ይስባል። ዝቅ ያለ ስለሆነ ግፊቱ ከአማካዩ እጥፍ ገደማ ነው። እጥፍ ሲባል ከምድር አንድ በመቶ ብቻ ነው እኮ። ለዚህች ጥቅም ሲባል ብዙ የአቧራ ማዕበል የሚነሣበት ቦታ ላይ መስፈር አያዋጣም።

ጉልላት፣ ቁፋሮ ወይስ የላቫ ዋሻ?

ከጠፈር ከሚመጣው ጎጂ ጨረር እንጀምር። ኪውሪዮሲቲ የተባለችው የናሳ ሮቦት ተሽከርካሪ የማርስ ወለል ላይ በቀን 0.67 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) ገደማ ለክታለች። በዓመት 245 ያህል ይሆናል። ናሳ ለአንድ ጠፈርተኛ በሙሉ የሥራ ዘመኑ የሚፈቅደው 600 ነው። መስታወት ጉልላት ውስጥ የሚኖር ሰው በሁለት ዓመት ተኩል ኮታውን ይጨርሳል ማለት ነው። ልጅ የሚያሳድግ ሰፈር ይህን አይችለውም። ስለዚህ ጉልላቱ እንደ መኖሪያ እዚህ ላይ ያበቃል። ለአጭር ጊዜ መቀመጫ፣ ለመናፈሻ ብታስቀሩት እስማማለሁ።

ቁፋሮ ወይም አፈር መከመር ይሻላል። ሁለት ሦስት ሜትር አፈር ጨረሩን በብዙ ይቀንሰዋል። ግን እዚህ ላይ ብዙ ቡድን የሚስተው ነገር አለ። ምድር ላይ ጣሪያ የሚፈራው መደርመስን ነው። ማርስ ላይ የሚፈራው ወደ ላይ መፈንዳትን ነው። ውስጡን በምድር ግፊት ግማሽ ብትሞሉት እንኳ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ በምድር ሚዛን 5 ቶን በሚያህል ጉልበት ወደ ላይ ይገፋል። ሦስት ሜትር የማርስ አፈር ደግሞ በዚያ ደካማ ስበት ወደ ታች የሚጫነው ሁለት ቶን እንኳ አይሞላም። ግፊቱን በአፈር ክብደት ብቻ ለማመጣጠን 9 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። ጨረቃ ላይ ከሆነ ከ20 ሜትር በላይ።

በጡብ የተሠራ ቅስት የሚያምር ሥዕል የሳላችሁ፣ ይህን ሒሳብ አስቡት። ጡብ መጨመቅ ይችላል፤ መሳብ ግን አይችልም። ውስጡ አየር የሚይዝ ጠንካራ ጨርቅ ወይም ብረት ሊኖር ግድ ነው። አፈሩ ጨረር ይከላከል፣ ግፊቱን ሌላው ይሸከም።

የላቫ ዋሻስ፣ ማለትም የቀለጠ ድንጋይ ፈስሶ ያለፈበት ባዶ ዋሻ? ፓቮኒስ ሞንስ እና አርሲያ ሞንስ በተባሉት እሳተ ገሞራዎች ላይ ጣሪያቸው የተደረመሰ ቀዳዳዎች ከሰማይ ታይተዋል። ከጨረርና ከተወርዋሪ አለት ነጻ የሆነ ሰፊ ቤት በነጻ ይሰጣሉ። ግን ያሉት በምድር ወገቡ አካባቢ፣ ከፍታ ላይ፣ ከበረዶው ርቀው ነው። ገብቶ ያያቸው የለም። ቤት አገኘን ብላችሁ ውኃ ታጣላችሁ። እኔ ውኃውን እመርጣለሁ፤ ቤት ይቆፈራል።

እራትና መብራት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን።

ግሪንሃውስ ወይስ ከመሬት በታች በኤልኢዲ? ማርስ ላይ የሚደርሰው ፀሐይ ከምድር 43 በመቶ ያህል ነው። ለተክል አይከፋም። ግን መስታወቱ ግፊቱን መሸከም አለበት፣ ሌሊት ሙቀቱን ያፈሳል፣ አትክልተኛውንም ከጨረር አያድነውም። ውስጡን በዝቅተኛ ግፊት ማሠራት ይቻላል፤ ያኔ ደግሞ ቲማቲም የሚለቅመው ሰው የጠፈር ልብስ ለብሶ ነው የሚገባው። ስለዚህ አብዛኛው ጥሩ ንድፍ ወደ ኤልኢዲ ይሄዳል። ጥሩ ነው፤ ሒሳቡን ግን ተከታተሉ።

በጠንካራ መብራት፣ በተመረጠ ሰብል፣ አንድን ሰው በ50 ካሬ ሜትር ገደማ መመገብ ይቻላል ብለን እንነሣ። ጥሩ ኤልኢዲ ለአንድ ካሬ ሜትር 200 ዋት ያህል ይበላል። ሃምሳ ጊዜ ሁለት መቶ 10,000 ዋት ነው። ለአንድ ሰው እራት ብቻ 10 ኪሎዋት፣ በቀን 16 ሰዓት። ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከማለዳ እስከ ማታ ሳይጠፋ እንደ መጣድ ነው፤ ለያንዳንዱ ሰው። ለመቶ ሰው አንድ ሜጋዋት።

የአየር ማጣሪያው፣ ማሞቂያው፣ ኮምፒውተሩ፣ ሁሉም ከዚህ ጎን ሲታይ ትንሽ ነው። የሰፈሩ ትልቁ ማሽን እርሻው ነው።

ይህን ካያችሁ በኋላ የኃይሉ ምርጫ ሌላ መልክ ይይዛል። ሶላር ፓነል ቀላል ነው፣ የታወቀ ነው። ሌሊቱን፣ አቧራውንና የፀሐዩን ማዘንበል ስታካፍሉት ግን ከአንድ ካሬ ሜትር በአማካይ 30 ዋት ብታገኙ ጥሩ ነው። 10 ኪሎዋቱ የሚበራው 16 ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ለአንድ ሰው ምግብ 220 ካሬ ሜትር ፓነል ይመጣል። ለመቶ ሰው ከሁለት ሄክታር በላይ፤ አቧራውን የሚጠርግ ሰው ሳይቆጠር። ከዚያ ማዕበል አለ። በሰኔ 2018 መላ ፕላኔቱን የሸፈነው የአቧራ ማዕበል በፀሐይ የምትሠራውን ሌላዋን የናሳ ተሽከርካሪ ኦፖርቹኒቲን ለዘለዓለም ዝም አሰኛት። በዚያው ማዕበል ኪውሪዮሲቲ ሥራዋን አላቋረጠችም፤ የእሷ ኃይል ከፕሉቶኒየም ነው። የሁለቱ ታሪክ ለናንተ የተዘጋጀ ፈተና ይመስለኛል።

ኒውክሌር እንግዲህ። ናሳ ኪሎፓወር በተባለው ፕሮግራም ትንሽ ሪአክተር በ2018 ኔቫዳ በረሃ ላይ ሞክሯል። የፕሮግራሙ ንድፎች ከ1 እስከ 10 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የታሰቡ ናቸው። ትልቁን ብትወስዱ እንኳ አንድ ሪአክተር ለአንድ ሰው እራት! ስለዚህ “ኪሎፓወር እንጠቀማለን” ብሎ ማለፍ አይሠራም። ለመቶ ሰው ሜጋዋት የሚያመነጭ፣ ከዚያም ቢያንስ ሁለት፣ አንዱ ሲቆም ሌላው የሚይዝ ሪአክተር ያስፈልጋችኋል። ሶላሩን ለመጠባበቂያ አድርጉት። ማዕበሉ ሲመጣ እርሻው ይደብዝዝ፣ ሰው ከጎተራ ይብላ። ጎተራው ስንት ወር እንደሚይዝ ጻፉ።

ሰብል ስትመርጡም ይኸው ሒሳብ ይከተላችኋል። የኛ ልጆች ከሆናችሁ “ጤፍስ?” የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ተነሥቶ ይሠራ እንጂ። በሄክታር 20 ኩንታል እንያዝ። አንድ ሰው በጤፍ ብቻ ቢኖር በዓመት 250 ኪሎ ገደማ ይበላል። በዓመት ሦስቴ ብናጭድ እንኳ ለአንድ ሰው 417 ካሬ ሜትር ገደማ ማሳ ይፈልጋል። በኤልኢዲ ከሆነ ከ80 ኪሎዋት በላይ! በመብራትና በማዳበሪያ ምርቱን ብታሳድጉት ይቀንሳል፤ ግን ድንች በአንድ አጨዳ ከአንድ ካሬ ሜትር የሚሰጠው ካሎሪ፣ በሄክታር 400 ኩንታል ከወጣለት፣ ከጤፍ አራት እጥፍ ገደማ ነው። ጤፍ ለበዓል ይዘራ።

እንሰት ይበልጥ ያጓጓል። ከ40 እስከ 60 የሚሆን እግር እንሰት አንድን ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ ይመግባል ይባላል፤ ቆጮውም ጉድጓድ ውስጥ ብዙ ይቆያል። ለጎተራው ጥያቄ ግሩም መልስ ነበር። ነገር ግን ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል፣ ቁመቱም ከሰው በላይ ነው። ከመሬት በታች በተደራረበ መደርደሪያ ላይ ለሚታረስ እርሻ አይመችም። ድንች፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ቅጠላ ቅጠል፤ አሰልቺው ዝርዝር ነው የሚያዋጣው።

አፈሩን በተመለከተ፣ ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር በ2008 የማርስ አፈር ውስጥ ግማሽ በመቶ ገደማ ፐርክሎሬት አግኝታለች። ለእንቅርት ዕጢ ጎጂ ጨው ነው። በውኃ ይታጠባል። እስኪታጠብ ድረስ ግን በውኃ ብቻ ማብቀል ይቀላል። እንስሳ ይዞ መሄድን እርሱት፤ ላም ከምትሰጠው የምትበላው ይበዛል።

አየሩን ማን ያድሳል፤ ተክል ወይስ ማሽን?

እዚህ ላይ ሁለት ሙከራ ማንሣት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው በአሪዞና የተሠራው ባዮስፌር 2 ነው። ከ1991 እስከ 1993 ስምንት ሰዎች ሁለት ዓመት ተዘግቶባቸው ኖሩ። 2,000 ካሬ ሜትር ገደማ አርሰው ከ80 በመቶ በላይ ምግባቸውን አመረቱ፤ ሰውነታቸው ግን ከሳ። ኦክስጅኑ ግን ከ20.9 በመቶ ቀስ በቀስ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ከውጭ ተሞላላቸው። ምክንያቱ ወዲያው አልታወቀም ነበር። ለም እንዲሆን ተብሎ የበለጸገው አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ኦክስጅኑን ይበሉት ነበር። ከዚያ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ያልተቀባው ኮንክሪት ውስጥ እየገባ ኖራ ድንጋይ ይሆን ነበር። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ መሆን የነበረበት ጋዝ አልታየም። አበባ የሚያዳቅሉት ነፍሳት አለቁ፤ ጉንዳን ነገሠ። ለናንተ የሚጠቅመው ትምህርት ኮንክሪቱ ነው። ግድግዳችሁ ከምን እንደተሠራ የአየሩ ሒሳብ ውስጥ ይግባ።

ሁለተኛው በቤይጂንግ ቤይሃንግ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው “የጨረቃ ቤተ መንግሥት 1” ነው። 160 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ከግንቦት 2017 እስከ ግንቦት 2018፣ 370 ቀን፣ ስምንት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በአራት በአራት እየተፈራረቁ ኖሩበት። አንዱ ቡድን ሳይወጣ 200 ቀን ቆየ። ከሚጠቀሙት ከ98 በመቶ በላዩ እዚያው ተመልሶ ሥራ ላይ መዋሉን አዘጋጆቹ አስታውቀዋል። ቀደም ባለው የ105 ቀን ሙከራ ለፕሮቲን የዱቄት ትል አርብተው በልተዋል፤ ይህንን ምናሌያችሁ ላይ ለማስገባት ድፍረት ይጠይቃል። ኤሌክትሪኩ ግን ከከተማው መስመር ነበር የሚመጣው።

ማሽኑ ደግሞ አለ። ፐርሲቪየረንስ በተባለችው የናሳ ተሽከርካሪ ላይ የነበረችው ሞክሲ የተባለች ኦክስጅን አምራች መሣሪያ ከ2021 እስከ 2023 ከማርስ አየር 122 ግራም ኦክስጅን አወጣች። አንድ ሰው በሦስት ሰዓት ተኩል የሚጨርሰው ነው። ሲመቻት በሰዓት 12 ግራም ደርሳለች፤ ሰው በሰዓት 35 ያህል ስለሚፈልግ በዚያ ፍጥነት ሦስት ሞክሲ ለአንድ ሰው ነው። መጠኗ የቶስተር ያህል ስለሆነ ማሳደግ አይከብድም።

ምርጫዬ ሁለቱም ነው፤ ግን ተራቸውን አትሳቱ። ምግቡን በሙሉ የሚያበቅል እርሻ ለሰዎቹ የሚበቃ ኦክስጅን አብሮ ይሰጣል። ማሽኑ መጠባበቂያ ይሁን፣ ሰብሉ በበሽታ ሲመታ ይነሣ። ማሽን ብቻ የመረጠ ቡድን ምግቡን ከየት እንደሚያመጣ ይጠየቃል።

ለየትኛው ቡድን የትኛው?

ጊዜያችሁ አጭር ከሆነ፣ ቁጥራችሁም ሦስት አራት ከሆነ፣ የጨረቃ ደቡብ ዋልታን የምርምር ጣቢያ ያዙ። ናይትሮጅንና ካርቦን እንደምታስመጡ በግልጽ ጻፉ፤ ስንት ቶን በዓመት እንደሆነ አስሉ። ሐቀኛ ሥራ ይሆናል።

ባዮሎጂ የሚወድ ሰው ካላችሁና አንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን ካላችሁ፣ አርካዲያ ላይ ለመቶ ሰው ከመሬት በታች ሰፈር፣ ሁለት ሪአክተር፣ የኤልኢዲ እርሻ። ከባድ ቢሆንም ዳኛ ፊት ልትከላከሉለት የምትችሉት ንድፍ ይህ ነው።

ቬነስን የወደደ ቡድን ይግፋበት፤ ግን “ራሱን የቻለ” የሚለውን ከርዕሱ ያውጣ።

ሁለት ንድፍ እኩል ሆነውባችሁ ስትከራከሩ ደግሞ አንድ ሙከራ አለ። በየንድፉ ውስጥ አንድ ዋና ማሽን በወረቀት ላይ አጥፉና ሰዎቹ ስንት ቀን እንዳላቸው ቁጠሩ። አንድ ሰው በቀን 0.84 ኪሎ ኦክስጅን ይተነፍሳል። ለመቶ ሰው 84 ኪሎ ነው። 5 ቶን ፈሳሽ ኦክስጅን ያስቀመጠ ንድፍ ለጥገና ሁለት ወር አለው፤ ምንም ያላስቀመጠው ያለው ክፍሎቹ ውስጥ የቀረው አየር ብቻ ነው። ለውኃውም፣ ለጎተራውም፣ ለሪአክተሩም እንዲሁ አድርጉ። ብዙ ቀን የሚሰጣችሁን ያዙ።